ያለቀስኩበት ቴአትር ትርጉም

በዕድሜዬ ቴአትር አይቼ ያለቀስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዷም በዝታብኛለች። ሌላ ሰው ሲያለቅስ ይቀለዋል፤ የኔ ልቅሶ ግን ሃያ አራት ዓመት አድፍጦ ቆይቶ ባለፈው ጥቅምት፣ ከሥራ መጥቼ ሶፋ ላይ ሻይ ይዤ በተዘረጋሁበት ተነሣብኝ።

እኔ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሸማኔዎቹ የሠሩትን እቀበላለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ በስፌት መኪና እሰፋለሁ፣ ጥልፉን እጠልፋለሁ። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ስለምውል ሲመሽ ቀና ማለት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባለቤቴ ብዙነሽ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ረዳት ናት። መጽሐፍ ታወጣለች፣ መጽሐፍ ትመልሳለች፣ የተቀደደውን ትለጥፋለች። ልጆቻችን ራሳቸውን ችለው ሲወጡ እኔ «እንግዲህ አረፍን» ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። እሷ በሃምሳ ዓመቷ የቅዳሜና እሁድ ዲግሪ ተመዘገበች። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ። ዲግሪውን ከያዘች የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ትሆናለች። ካልያዘች ትናንት የተቀጠሩ ልጆች እያዘዟት ጡረታ ትወጣለች። ይህን ስትናገር ድምጿ ስለሚቀጥን እኔም ትምህርቷን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ማለቴ፣ እሷ ስታነብ ቴሌቪዥኑን ቀንሼ ነው የማየው።

ሁለት ዓመት በደህና ሄደ። በሦስተኛው ዓመት የተውኔት ኮርስ መጣ። መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ተውኔት በዕጣ አደለ፤ አንብቦ፣ ትርጉሙን ተረድቶ፣ ክፍል ፊት ቆሞ ማስረዳት ነው። ያላስረዳ ኮርሱን ይደግማል።

«ምን ደረሰኝ መሰለህ?» አለችኝ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። «የበሩ ችሎት!»

ሻዩ ትን አለኝ።

«የበሩ ችሎት»ን ለማያውቅ ላስተዋውቀው፤ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነውና ብዙም አላስረዝምበትም። አንድ ከተማ ጠላት ገብቶ ይዘርፈዋል። ሕዝቡ ተሰብስቦ «ማንን እንክሰስ?» ሲል ይቆይና የከተማውን በር ይከሳል። አዎ፣ በሩን። እንጨቱን። ዳኛ ይሰየማል፤ ዳኛው ይጠይቃል፤ በሩ አይመልስም። ምስክር ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይሄዳል። ዳኛው እንደገና ይጠይቃል፤ በሩ አሁንም አይመልስም። እንዲህ እየተባለ ሦስት ገቢር! በመጨረሻ ዳኛው ካባውን አውልቆ በሩን ያለብሰውና «እንግዲህ አንተ ዝጋኝ» ይላል። መጋረጃ። አለቀ። ተመልካቹ አለቀ ወይስ ዕረፍት ነው እያለ ይተያያል። ቋንቋው ደግሞ ግማሹ ግእዝ፣ ግማሹ ግእዝ ለመሆን የሚጣጣር አማርኛ ነው። ታላቅ ሥራ እንደሆነ ሁሉም ይስማማል። ለምን ታላቅ እንደሆነ ግን ሲጠየቅ ሁሉም ስልክ ይደወልለታል።

ብዙነሽ ግን አልተጨነቀችም። ፊቷ በርቶ ነበር። «አንተ አለህልኝ!» አለችኝ።

ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው። በተዋወቅን በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ቴአትር ጋበዝኳት። ቴአትር የመረጥኩት ሲኒማ የሚጋብዝ ወንድ ብዙ ስለሆነ ልለይ ብዬ ነው። ደህና ጫማ ስላልነበረኝ የታላቅ ወንድሜን ተዋስኩ። የሱ እግር አርባ፣ የኔ አርባ ሁለት። እስከ መጀመሪያው ገቢር ድረስ ፍቅር ያስችላል። በሁለተኛው ገቢር ጣቶቼ መኖራቸውን አጣሁት። በሦስተኛው ገቢር መኖራቸውን አወቅኩ፤ አንድ በአንድ። እንዳላወልቀው ካልሲዬ ሁለቱንም አውራ ጣቶች የሚያስጎበኝ ነበር። ዳኛው ካባውን ሲያወልቅ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። የቀናሁበት እኮ ነው፤ እሱ ቢያንስ ማውለቅ ችሏል።

ብዙነሽ ዞር ስትል አየችኝ። «ምነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ምን ልበላት? በአገጬ መድረኩን አመለከትኩና «በሩ...» አልኩ።

በቃ። ውሸቴ ይህች ብቻ ናት፤ አንድ ቃል። እሷም ትንሽ ተመለከተችኝና እጄን ያዘችኝ። ያኔ እጅ መያዝ ዛሬ እንደሚመስለው አልነበረም፤ እጅ ከተያዘ በኋላ የሚቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። ተጋባን። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ ልጆቻችን «አባባን ለምን አገባሽው?» ባሏት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፦ «ለበር ያለቀሰ ሰው ነው። ለእንጨት እንዲህ ከሆነ ለኔማ ብዬ።»

እንግዲህ አሁን ደብተሯን ገልጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ያን ቀን ምንድን ነው የገባህ? እሱን ብቻ ንገረኝ። ሌላውን እኔ እጽፈዋለሁ።»

«እ... ማለቴ፣ ብዙዬ፣ በቃል የሚነገር ነገር አይደለም።»

«ቀስ ብለህ አስበው፤ ሦስት ሳምንት አለን» አለችና እርሳሷን አስቀመጠች።

በማግስቱ ተውኔቱን ይዤ ሱቄ ሄድኩ። ገጹን በጨርቅ መቁረጫው መቀስ ተጭኜ፣ በግራ ዓይኔ እያነበብኩ በቀኝ ዓይኔ መስፋት ጀመርኩ። ሁለት ቀን እንዲህ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ቀሚሳቸውን ሊለኩ መጡ። እጃቸውን ቢያስገቡ ገባ፤ አልወጣም።

«ልጄ፣ እጄ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» አሉኝ እጅጌው ውስጥ እንደ ታሰረ ዶሮ እየተንፈራገጡ።

አየሁት። እጅጌውን ከነጥልፉ ጫፉን ድፍን አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። «እንግዲህ አንተ ዝጋኝ» የምትለዋ ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ስፈታው አመሸሁ፤ ሴትዮዋ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ዛሬ ጊዜ ሰፊዎች ለጎረቤቶቼ ሲያስረዱ ዋሉ። የሳቸው ማብራሪያ ከተውኔቱ ይልቅ ግልጽ ነበር።

ከዚያ የራሴን ትርጉም ፈጠርኩ። «በሩ አገር ናት» አልኳት ብዙነሽን ራት ላይ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እሱንማ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ነው የሚለው» አለች። «ባለፈው ሳምንት አንዱ በደረሰው ተውኔት ውስጥ ያለውን ፈረስ አገር ነው አለ፤ ከሱ በፊት የነበረችው በሷ ተውኔት ያለውን ድስት አገር ነው አለች። መምህሩ አገር ሲባል ዓይኑን መጨፈን ጀምሯል። ደግሞ አንተ የዚያን ቀን ለአገር አይደለም ያለቀስከው፤ አይቼሃለሁ እኮ። የሆነ ነገር ውስጥህን ነክቶህ ነው።»

የነካኝስ ነክቶኛል።

አዲሱ ገበያ፣ ቤታችን አጠገብ፣ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ሱቅ አላቸው። ዕቃ ሲያጡ እንኳ ሐሳብ አያጡም። ዳቦ ልገዛ ገብቼ ታሪኩን ነገርኳቸው። ሚዛናቸውን አቁመው አዳመጡኝና፣ «ይሄ ምን ያስቸግራል?» አሉኝ። «በሩን የከሰሱት አፍ ስለሌለው ነዋ! ከፍቶ የተኛውን ዘበኛ ቢከሱት ይናገራል። ማን ተኛ እንዳለው ይናገራል። እንጨት ምን ይላል?»

ገረመኝ። ምሁር ሁሉ ያልደረሰበት ነገር ስኳር ሲመዝኑ ተገለጠላቸው። በሩጫ ለብዙነሽ አደረስኩ፤ የሐጂ ነው ማለቱን ግን ረሳሁ። እሷም በጥንቃቄ ጻፈችው። ከዚያ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«በጣም ጥሩ ነው። ግን ለዚህ ሰው ይናደዳል እንጂ አያለቅስም። አንተ ለምን አለቀስክ?»

ወደ ሐጂ ተመለስኩ። «የሚያስለቅስ የለዎትም?» አልኳቸው።

«የሚያስለቅስስ ሽንኩርት ነው ያለኝ» አሉና አሰብ አደረጉ። «ቆይ ግን፤ ዊንጌት አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። አልፎ አልፎ እዚህ ይመጣሉ። 'የድሮ ተዋናይ ነኝ፣ በር ነበርኩ' ይሉኛል። እኔ በረኛ ነበርኩ ለማለት መስሎኝ የየትኛው ቡድን ብያቸው ተቀይመውኛል። ሂድና ጠይቃቸው።»

ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ዊንጌት ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ፣ ከመጨረሻው ክፍል ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። ሲከፍቱልኝ የበሩን ቦታ ሞልተውት ስለነበር የቱ ማን እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ተቸግሬአለሁ።

«'የበሩ ችሎት' ላይ በሩን የተጫወቱት እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ» አሉ። «አሁን ጉልበቴ አይዘጋ፣ አይከፈት።»

አስቀመጡኝና ነገሩኝ። ከፊት አንድ ሳንቃ፣ ከኋላ አንድ ሳንቃ ይታሰርባቸዋል። እጃቸው ወደ ጎን ይዘረጋል። ፊታቸው ብቻ ይታያል። ሦስት ገቢር ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ። «ከአርባ ጊዜ በላይ ቆምኩ። አዘጋጁ የመከረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 'ደምሴ፣ እንዳታስብ። ካሰብክ ቅንድብህ ይንቀሳቀሳል።'»

«እና ጋሼ፣ ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«አትሰማኝም እንዴ? እንዳታስብ ተብያለሁ እያልኩህ!»

ልነሣ ስል እጃቸውን አነሡ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊቴ ወደ ሕዝቡ ነበር። ሲተኙ አይቻለሁ፣ ቆሎ ሲበሉ አይቻለሁ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ አይቻለሁ። ያለቀሰ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቀጭን ልጅ። እንዴት እንዳለቀሰ! ፊቱ ምጥ እንደያዘው ሰው ነበር። ቅንድቤ በዕድሜዬ አንድ ቀን የተንቀሳቀሰው ያን ዕለት ነው።»

እግሬን ወደ ወንበሬ ሥር ሰበሰብኩ።

«ደራሲው በዚያ ሰሞን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሊቀይራት ነበር። 'ለማንም አልገባም' ብለው ጋዜጣ ላይ ጽፈውበት ተበሳጭቶ፣ ሕፃን እንኳ የሚገባው አድርጎ ጽፎ፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ ከመድረክ ወርጄ 'ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ሰው አለቀሰ' ያልኩት። እንዲያመጡት በር ላይ ሰው ላከ፤ ልጁ ሄዷል። ያን ጊዜ ወረቀቱን አውጥቶ ቀደደው። 'አንድ ሰው ከገባው ይበቃኛል፤ አንዲት ቃል አልነካም' አለ። እስኪሞት ድረስ አልነካም።»

ብዙነሽ ብቻ አይደለችም እንግዲህ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ተውኔት የተፈተነ ተማሪ ሁሉ፣ የወደቀው ሁሉ፣ ኮርስ የደገመው ሁሉ፣ ሕፃን የሚገባው አማርኛ ተጽፎለት ነበር፤ በኔ አውራ ጣት ምክንያት ተቀደደ።

«አጠገቡ አንዲት ልጅ ነበረች» አሉ ጋሽ ደምሴ በሐሳብ ሄደው። «አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች። እጁን ያዘችው።»

«ሰማያዊ ነው» አልኩ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሃያ አራት ዓመት ስለዚያ ሹራብ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስሕተት ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። «አንተ ነህ?»

«ጋሼ...»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ምን ገባህ? ንገረኝ፣ ልጄ። ጉልበቴን የሰጠሁበት ነገር ነው።»

እንዲህ የያዘኝን ሰው «ጫማ» ብዬ እንዴት ልመልስለት? «በቃል የሚነገር አይደለም» አልኩ፤ የማውቀው ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ነው።

«ደራሲውም እኮ እንዲሁ ነበር የሚለው!» ብለው ጮኹና አቀፉኝ። ሳንቃ እንደሚያቅፍ ነው። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ አመለጥኩ።

ዓርብ ከሰዓት ብዙነሽ በማግስቱ ክፍል ፊት የምትቆምበትን ቀሚስ ልትለካ ሱቄ መጣች። እኔ መርፌ በአፌ ይዤ ተንበርክኬ ጠርዙን እያነሣሁ ሳለ ከበላዬ ጨለማ ወረደ። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ሐጂን ጠይቀው፣ ከዊንጌት ድረስ ከዘራቸውን ይዘው መጥተዋል። ብዙነሽን አዩ። ብዙነሽም አየቻቸው።

«ባለ ሰማያዊዋ ልጅ!» አሉ።

መርፌውን ልውጠው ወይስ ልትፋው እያልኩ ሁለቱ ሁሉንም ተነጋግረው ጨረሱ። ወረቀቱ መቀደዱን ስትሰማ ብዙነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አየህ?» አለችኝ። «አንተ እኮ ራስህን አታውቅም!» ከዚያ እዚያው ወሰነች፤ ነገ ሦስታችንም እንሄዳለን። እሷ ታስረዳለች፣ በሩ ስለ በሩ ይናገራል፣ እኔ ደግሞ ተነሥቼ ያን ቀን ምን እንደገባኝ ለክፍሉ እናገራለሁ። «ሁለት ሕያው ምስክር! ማን ተማሪ ነው እንዲህ ያለው?»

በማግስቱ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ያዝን። ሦስታችን ከኋላው ወንበር፣ እኔ መሃል። ብዙነሽ ካርዶቿን ታጠናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን አስረዋል። እኔ ደክሞኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር መጀመሪያ ከአንድ፣ ከዚያም ከሁለት ሰው መደበቅ እንዴት እንደሚያደክም ለማንም ማስረዳት አይቻልም። ሰሜን ማዘጋጃ ጋ ስንደርስ አንድ ካርድ ሳላስበው አነበብኩ። «ምስክር ቁጥር ሁለት፦ ባለቤቴ» ይላል፤ ከሥሩ ለኔ መልስ ባዶ ቦታ ትታለች።

«ብዙዬ» አልኩ። «ጫማ ነው።»

«የምን ጫማ?»

«ያስለቀሰኝ። የወንድሜ ጫማ። ጠቦኝ ነው።»

ታክሲው ፀጥ አለ። የታክሲ ሰው ሌላ ጊዜ ወራጅ ሲባል እንኳ አይሰማም። ከፊታችን የተቀመጡ ሴት ሙሉ በሙሉ ዞሩ።

«ስንት ቁጥር ነበር?» አለ አንዱ ከመሃል ወንበር።

«አርባ። እኔ አርባ ሁለት ነኝ።»

«ወይኔ!» አለ ከልቡ። «ይህማ ያስለቅሳል።»

ብዙነሽ አላየችኝም። ካርዷን ከነባዶ ቦታው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰው ሲናደድ ድምፅ ያሰማል ብዬ አስብ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ወደ ፊት እንዳዩ ናቸው። ቅንድባቸው አልተንቀሳቀሰም። «እንኳን ያኔ ሳያገኙህ ሄድክ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሱ ሰውዬ ደስ ብሎት ነው የሞተው።»

ክፍሉ ውስጥ ወደ ሠላሳ ተማሪ አለ፤ አብዛኛው አስተማሪና የቢሮ ሰው፣ አብዛኛው እንደኔ የደከመው። እኔ ከኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ብዙነሽ ወጥታ ቆመች። ካርዶቿን ደጋግማ ታስተካክላለች። ቀሚሷ ግን ልክክ ብሎላታል፤ ይህን ለመመስከር ጫማም ተውኔትም አያስፈልግም።

«መምህር» አለች፣ «ሁለት ምስክር ይዤ ነበር የመጣሁት። አንደኛው በመንገድ ላይ ውድቅ ሆኗል።»

ተማሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ዳኛው በሩን ሦስት ገቢር ይጠይቀዋል። በሩ ዝም ይላል። የመጣው ምስክር ሁሉ ደግሞ በዝምታው ላይ የራሱን ይለጥፍበታል፤ ከዳተኛ ነው ይላል፣ ጀግና ነው ይላል፣ አርጅቶ ነው ይላል። በሩ አንዱንም አላለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ዳኛው ካባውን ለምን እንዳለበሰው አላውቅም ነበር። አሁን የማውቅ መሰለኝ። እኔም አንድ ዝም ያለ ሰው አይቼ የለበስኩትን አውልቄ አለበስኩት። ካባው የኔ ነው። ከዚያ ሃያ አራት ዓመት 'እንዴት የሚያምር ካባ አለው' እያልኩ አወራሁ።»

እኔ መስኮቱን አየሁ። ውጭ ምንም የለም፤ ግድግዳ ነው። ቢሆንም አየሁት።

«እሺ፣ 'እንግዲህ አንተ ዝጋኝ'ስ?» አለ መምህሩ ብዕሩን አቁሞ።

ብዙነሽ ካርዶቿን አየች፣ እኔን አየች፣ መምህሩን አየች። «እሱ አልገባኝም» አለች። «እስከ ካባው ድረስ ነው የገባኝ።»

መምህሩ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። «እርስዎስ አባቴ? እዚያ ነበሩ።»

ጋሽ ደምሴ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔ በዚያች ሰዓት የምጸልየው መጋረጃው ቶሎ እንዲዘጋ ነው። ዳኛውን የተጫወተውም ልጅ ወገቡን ያመው ነበር። ምናልባት እሱም የለመነው ይህንኑ ይሆናል።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። መምህሩ ራሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። በሳቅ ይሁን በሌላ ነገር አልጠየቅኩም፤ ስለ ሰው እንባ መተርጎም አቁሜአለሁ።

ጋሽ ደምሴን ሸኝተን ከታክሲ ስንወርድ ብዙነሽ ከፊት ከፊት ሄደች። እኔ ከኋላ። የሐጂን ሱቅ አልፈን፣ ዳገቱ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ጫማው አይደለም ያናደደኝ» አለች ሳትዞር። «እያመመህ ዝም ማለትህ ነው። 'አመመኝ' ብትል እንውጣ እል ነበር። እኔም እኮ ምንም አልገባኝም ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሰው ሲገባው እኔ ለምን አይገባኝም እያልኩ ራሴን ስረግም ነበር። ከዚያ ወዲህም እንደዚያው። መጽሐፍ መሃል የምውለው ለምን ይመስልሃል?»

«በቃል የሚነገር አይደለም» ለማለት እንኳ አልደፈርኩም።

ሁለት ሳምንት «አንተ» ከማለት ወደ «እርስዎ» አሳደገችኝ። «ራትዎ ቀርቧል።» «ስልክዎ እየጮኸ ነው።» እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም፤ እንደዚያም አልደከመኝም። ውጤቷ ሲመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ለኔ እንዲታይ አድርጋ ትታው ወጥ ቤት ገባች። አልፋለች። መምህሩ ከሥሩ በቀይ «ያልገባዎትን አልገባኝም በማለትዎ» ብሎ ጽፎላታል። ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ደስ ብሎኛል» አልኳት። «እሺ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግባ፣ ምን ትቆማለህ?» አለች። ግባ ነው ያለችው፤ ይግቡ አላለችም።

አዲሱ ሴሚስተር ከተጀመረ ወዲህ ሌላ ተውኔት ደርሷታል። ይሄኛው በግጥም ነው፤ ከፊተኛው ይብሳል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መጽሐፉን ሰጠችኝና እርሳስ አስይዛኝ፣ «አንብብ። አልገባኝም የምትልበት ቦታ ስትደርስ ምልክት አድርግ። ዋሽተህ እንዳታልፍ» አለችኝ። በመጀመሪያው ገጽ አራተኛው መስመር ላይ ምልክት አደረግኩ። መጽሐፉን ተቀብላ አየችው። «እኔ ሦስተኛው ላይ ነው የቆምኩት» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች።

አሁን ሲመሽ ሲመሽ አብረን እናነባለን። እሷ ታነባለች፣ እኔ አንገቴን እያሸሁ እሰማለሁ፤ አንዳችን «አልገባኝም» ስንል እናቆማለን፣ ወደ ኋላ እንመለሳለን፣ እንጨቃጨቃለን። በአንድ ወር ገጽ ስድስት ደርሰናል። ከስድስቱ አንዱ ባዶ ገጽ ነው፤ እሱ ለሁለታችንም ወዲያው ገብቶናል።